በሐይቅ ውስጥ ስለሚኖር ታላቅ አውሬ የሚነገረው ነገር እንዴት ይመረመራል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በአገራችን በጎጃም፥ ከጮቄ ተራራ ጀምሮ እስከ ጣና ዳር ድረስ፥ ጥልቅ ውኃ ባለበት ስፍራ ሁሉ ስለ ውኃው የሚነገር ነገር አይጠፋም። አንዱ፥ «በሐይቁ ውስጥ ታንኳ የሚገለብጥ ዘንዶ አለ» ይላል። ሁለተኛው፥ «ዘንዶ አይደለም፤ በየዓመቱ ሰው ካልወሰደ የማያርፍ የባሕር ጋኔን ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ከትምህርት ቤት የመጣ ወጣት ሆኖ፥ «ይህ ሁሉ ተረት ነው፤ በመጽሐፍ ስለ ሌዋታን የተጻፈውም ከዚሁ የተለየ አይደለም» ብሎ ይመልሳል። በዚህ ጊዜ ሽማግሌው ይቈጣል፤ ወጣቱም ይሥቃል። በመካከል የተቀመጠው ካህን ግን ሁለቱም ፊታቸውን ወደ እርሱ ሲመልሱ ምን ብሎ እንደሚፈርድ ይጨነቃል።

ነገሩ የምሽት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ በመንፈሳዊ ትምህርት ገጽ ላይ ማንሣት ባላስፈለገም ነበር። ዳሩ ግን ከወሬው በስተኋላ ሦስት ከባድ ነገሮች አሉ። አንደኛው፥ ልጅዋ በውኃ የሰጠመባት እናት «አውሬ ወሰደው» ሲሏት ወደ ጠንቋይ ቤት መሄዷና በጎረቤቷም ላይ ክፉ ማሰቧ ነው። ሁለተኛው፥ ለእግዚአብሔር ብቻ የሚገባው ፍርሃትና መሥዋዕት ለውኃ መሰጠቱ ነው። ሦስተኛው፥ የወጣቱ ሃይማኖት ከመንደር ወሬ ጋር በአንድ ገመድ ታስሮ፥ ወሬው በወደቀ ቀን ሃይማኖቱም አብሮ እንዲወድቅ መደረጉ ነው። ስለዚህ ነገሩን በየተራው እንመርምር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

አንደኛ፤ ሁለቱን ጥያቄዎች ስለ መለየት

ስለ ሐይቅ አውሬ የሚከራከሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የማይግባቡት ሁለት ጥያቄዎችን አንድ አድርገው ስለሚይዙ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ፥ «እንዲህ ያለ ፍጥረት በእውነት አለን?» የሚል ነው። ሁለተኛው፥ «ቢኖርስ ሊፈራና ሊመለክ ይገባዋልን?» የሚል ነው። የፊተኛው በዓይን፥ በእጅና በምስክር የሚመረመር የፍጥረት ነገር ነው። የኋለኛው ግን የሃይማኖት ነገር ስለ ሆነ የመጀመሪያው እስኪፈታ ድረስ አይጠብቅም።

ይህን ልዩነት ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳን በተረፈ ዳንኤል የተጻፈው ታሪክ ነው። የባቢሎን ሰዎች ቤል የሚባል ጣዖት ነበራቸው፤ በየቀኑ ብዙ ዱቄትና አርባ በግ ያቀርቡለት ነበር፤ በነጋውም ማዕዱ ባዶ ሆኖ ይገኝ ስለ ነበር ንጉሡ «ሕያው ባይሆን ይህን ሁሉ ማን ይበላ ነበር?» ብሎ ያምን ነበር። ነቢዩ ዳንኤል ግን በቃል ብቻ አልተከራከረም። በቤተ ጣዖቱ ወለል ላይ አመድ አስነሰነሰና በሩ በንጉሡ ማኅተም እንዲታተም አደረገ። በነጋው የወንድ፥ የሴትና የሕፃናት ዱካ በአመዱ ላይ ታየ፤ የጣዖቱ ካህናትም ከነቤተሰባቸው በስውር በር እየገቡ ይበሉት እንደ ነበር ተገለጠ። እንግዲህ ቤል የሚበላ አልነበረም።

በዚያው ታሪክ ግን ሁለተኛ ነገር ተጽፏል። ባቢሎናውያን የሚያመልኩት ዘንዶም ነበር። ይህኛው እንደ ቤል ሐሰት አልነበረም፤ የሚበላና የሚጠጣ፥ በዓይን የሚታይ አውሬ ነበር። ዳንኤል ዘንዶውን «የለም» አላለም፤ «አምላክ አይደለም» አለ እንጂ። በሰይፍና በበትርም ሳይሆን ዝፍትና ስብ ከጠጕር ጋር አብስሎ አጕርሶ ገደለው።

ከዚህ የምንማረው ይህ ነው፦ የሌለውን ነገር «የለም» ማለት፥ ያለውንም «አለ፤ ነገር ግን ፍጡር ነው» ማለት የአንድ ሃይማኖት ሥራ ነው። ሁለቱንም የሠራው አንድ ነቢይ ነውና። አመድ ነስንሶ መመርመርም ከጸሎት ጋር የማይጣላ መሆኑን በዚህ እናውቃለን።

ሁለተኛ፤ ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ ታላላቅ የባሕር እንስሳት

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ቍጥር 21 እግዚአብሔር በአምስተኛው ቀን ታላላቆቹን የባሕር እንስሳት እንደ ፈጠረ ተጽፏል። በመጽሐፈ ኢዮብ በምዕራፍ 40 እና 41 ስለ ብሔሞትና ስለ ሌዋታን ኃይልና ግርማ በሰፊው ተነግሯል። በመዝሙር 103 ቍጥር 26 ላይ ዳዊት፥ ይህ ታላቅ እንስሳ በባሕር ውስጥ ይጫወት ዘንድ የተፈጠረ መሆኑን ይዘምራል። በመጽሐፈ ሄኖክም ብሔሞት በገነት ምሥራቅ በኩል ባለው ምድረ በዳ፥ ሌዋታን ደግሞ በባሕር ጥልቅ በውኃ ምንጮች ላይ እንዲኖሩ ተለይተው መሰጠታቸው ተጽፏል። ዕዝራ ሱቱኤልም በዚሁ ይተባበራል።

እነዚህን ምንባባት ይዞ፥ «እነሆ መጽሐፍ መስክሯል፤ ስለዚህ በሐይቃችን አውሬ አለ» የሚል ሰው ቢኖር ሦስት ነገሮችን ማስተዋል ይገባዋል። በመጀመሪያ፥ መጽሐፍ ሌዋታንን ያኖረው በታላቁ ባሕር ጥልቅ ነው እንጂ በጣናም ሆነ በዘንገና አይደለም። እግዚአብሔር ያልወሰነለትን ስፍራ እኛ ልንወስንለት አይገባም። ሁለተኛ፥ ከመተርጕማን መካከል በኢዮብ የተነገረውን ብሔሞት ጉማሬ፥ ሌዋታንንም አዞ ነው ብለው የተረጐሙ አሉ፤ ይህም ከሆነ ነገሩ በአገራችን ውኃ ዘወትር የምናየው ፍጥረት ይሆናል። ሦስተኛና ዋናው ነገር፥ በኢዮብ መጽሐፍ ይህ ሁሉ የተነገረው ኢዮብ አውሬውን እንዲፈራ ሳይሆን የአውሬውን ፈጣሪ እንዲያከብር ነው። ኢዮብም ሰምቶ ሲጨርስ ንስሐ የገባው በእግዚአብሔር ፊት ነው እንጂ ለሌዋታን መባ ይዞ አልሄደም።

ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 27 ቍጥር 1 ሌዋታን በእግዚአብሔር ሰይፍ እንደሚቀጣ ይናገራል፤ የዮሐንስ ራእይም በምዕራፍ 12 ቍጥር 9 ታላቁ ዘንዶ ዲያብሎስ መሆኑን ገልጦ ይነግረናል። በጎንጅና በዋሸራ፥ በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን መንገድ ያውቀዋል። ቃሉ ሰም አለው፥ ወርቅም አለው። ሰሙን ወርቅ ነው ብሎ የሚይዝ ደቀ መዝሙር ቅኔውን አልሰማም፤ ሰሙን ፈጽሞ የሚንቅም ወርቁን የሚያፈስበት አጥቶ ይቀራል። ስለዚህ ሌዋታን ሲባል የባሕር እንስሳ፥ አንድም የፈርዖን ኃይል፥ አንድም ዲያብሎስ ተብሎ ቢተረጐም ትርጓሜው እርስ በርሱ አይጣላም። ከዚህ ሁሉ ትርጓሜ ግን «በእገሌ መንደር ሐይቅ ውስጥ ሰው የሚበላ ዘንዶ ተቀምጧል» የሚል አይወጣም።

በገድላትና በተአምራት የሚነበበውም እንዲሁ ነው። ሰማዕቱ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ድል ማድረጉን ስንሰማ የምናምነው የእግዚአብሔርን ኃይል ነው። ተአምር እግዚአብሔር በወደደው ጊዜና ስፍራ የሚሠራው ሥራ ነው፤ በየሐይቁ የሚኖር የእንስሳ ዘር መኖሩን ግን አያስረዳም። ተአምሩን ስለምናምን የሰማነውን ወሬ ሁሉ እንድንቀበል አንገደድም፤ ወሬውን ስለ መረመርንም ተአምሩን ካድን አያሰኘንም።

ሦስተኛ፤ ምስክር እንዴት እንደሚመረመር

ኦሪት በዘዳግም ምዕራፍ 19 ቍጥር 15 ነገር ሁሉ በሁለት ወይም በሦስት ምስክሮች አፍ እንዲጸና ታዝዛለች። መጽሐፈ ምሳሌም በምዕራፍ 18 አስቀድሞ የተናገረ ሰው እውነተኛ እንደሚመስል፥ ባልንጀራው መጥቶ በመረመረው ጊዜ ግን ነገሩ እንደሚገለጥ ያስተምራል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም በመጀመሪያይቱ የተሰሎንቄ መልእክት ምዕራፍ 5 ቍጥር 21 ሁሉን እንድንፈትንና መልካሙን እንድንይዝ አዟል። ይህን ሕግ ይዘን ስለ ሐይቅ አውሬ የሚናገረውን ሰው ልንጠይቀው የሚገባን ጥያቄ አለ። አንተ ራስህ አይተሃልን ወይስ ሰምተሃል? በስንት ርቀት ነበርህ? ቀን ነበርን ወይስ ምሽት? ነፋስና ማዕበል ነበርን? ካንተ ጋር ማን ነበር? እርሱስ እንዳንተ ይናገራልን?

ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው፦ ያየው ሰው ሲፈለግ ሞቶ ወይም ወደ ሌላ አገር ሄዶ ይገኛል፤ የሰማው ግን በየቤቱ አለ። የሰሙት መቶ ቢሆኑም ሁሉም ከአንድ ሰው የሰሙ ከሆነ ምስክሩ አንድ ብቻ ነው። ይህን ማለት ሰውን ውሸታም ማለት አይደለም። ዓይን በውኃ ላይ በቀላሉ ይታለላልና፥ በእውነት ያየ ሰው እንኳ ያየው ነገር ምን እንደ ሆነ ሊሳሳት ይችላል።

አራተኛ፤ ስለ ጣና ሐይቅ

አሁን ወደ አገራችን ሐይቅ እንመለስ። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ ታላቅ ሐይቅ ነው። ስፋቱን ያየ ሰው ጥልቀቱም እንዲሁ የማይመረመር ይመስለዋል። ዳሩ ግን ሐይቁ ተለክቷል። እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ ከ14 ወይም ከ15 ሜትር አያልፍም፤ ይህም ስምንት ሰው በቁመት ቢቀጣጠል የሚደርስበት ነው። የቀረው ሁሉ ከዚህ ያነሰ ነው። ስለዚህ ጣና ሰፊ ሜዳ ላይ የተኛ ውኃ ነው እንጂ ጥልቅ ጕድጓድ አይደለም። የሐይቁን ሥር ደለል ቆፍረው የመረመሩ ሊቃውንትም፥ በእነርሱ አቆጣጠር ከ15,000 ዓመት በፊት ሐይቁ ፈጽሞ ደርቆ እንደ ነበር ጽፈዋል። ስለ ዘመኑ ቍጥር ክርክር ሳንገባ፥ አንድ ጊዜ የደረቀ ሐይቅ ከጥንት ጀምሮ የተሸሸገ የውኃ አውሬ ሊያኖር እንደማይችል ማስተዋል አያስቸግርም።

ሌላም ነገር አለ። አውሬ ብቻውን ዘመናትን አይኖርም፤ ወንድና ሴት ሆኖ መዋለድ አለበት። የሚዋለድ ታላቅ እንስሳ ብዙ ሆኖ ይገኛል፤ ብዙ ምግብ ይበላል፤ ሲሞትም ሬሳው ወይም አጥንቱ በዳር ይጣላል። በጣና ደሴቶች ላይ ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ ገዳማት አሉ፤ መነኮሳቱ ቀንም ሌሊትም ከውኃው አይለዩም። ነጋዴውና ተሳላሚው በታንኳ ይመላለሳል። ከ1980ዎቹ ዓመታት ወዲህም ሞተር ጀልባዎች ረጅም መረብ እየጣሉ ሐይቁን ያስሳሉ። ይህ ሁሉ ዓይንና መረብ ያላገኘው፥ በ14 ሜትር ውኃ ውስጥ የሚሸሸግ፥ ታንኳ የሚገለብጥ የማይታወቅ አውሬ አለ ማለት እጅግ የሚያስቸግር ነገር ነው።

ታንኳ የሚገለብጥ የታወቀ አውሬ ግን አለ፤ ይኸውም ጉማሬ ነው። የጐለመሰ ጉማሬ ከ1,500 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ በውኃ ውስጥ አምስት ደቂቃ ያህል ትንፋሹን ይዞ ይቈያል፤ ከዚያ በኋላ ባልታሰበ ስፍራ ብቅ ብሎ ይተነፍሳል፤ ሌሊት ደግሞ ወጥቶ ሣር ይግጣል። ጀርባው ብቻ ሲታይ ድንጋይ፥ አፉን ሲከፍት ግን በእርግጥ አስፈሪ አውሬ ነው። በደንገል የተሠራ ታንኳ ከጀርባው በላይ ቢያልፍ ወይም ግልገል ካላት ጉማሬ አጠገብ ቢጠጋ መገልበጡ የማይቀር ነው። በማለዳ ጉም ይህን ያየ ሰው ዘንዶ አየሁ ቢል አይፈረድበትም።

ከጉማሬ ሌላም ዓይንን የሚያስቱ ነገሮች በጣና አሉ። ሰውነቱን በውኃ ውስጥ ደብቆ እንደ እባብ የረዘመ አንገቱን ብቻ አውጥቶ የሚዋኝ ዓሣ አጥማጅ ወፍ አለ። ሁለት ሜትር ሊደርስ የሚችል አርጃኖ አለ፤ በዳር ባለው ጫካም ዘንዶ አለ። ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝም አምባዛ አለ። ነፋስ የቈረጠው የደንገል ጕማጅ እንደ ደሴት ሆኖ በራሱ የሚሄድ መስሎ ይንሳፈፋል። ከ2011 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ ተንሰራፍቶ፥ በነፋስ እየተገፋ ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲሄድ ይታያል። በክረምት ውኃው በደለል ይደፈርሳልና ከእጅ ክንድ ያህል በታች ያለውን እንኳ ማየት ያስቸግራል። ያልታየውንም ነገር አሳብ ይሞላዋል።

አዞ ግን በጣና የለም። ከዓባይ ፏፏቴ በታች፥ በደጀን ቍልቍለት በሚገኘው በረሃ፥ አዞ መኖሩ የታወቀ ነው። 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የላዩን ውኃ ከታችኛው ስለ ለየው፥ በታች ያለው ፍጥረት ወደ ላይ አይወጣም። ይህ መለየት ሌላ ድንቅ ነገር አስገኝቷል። በ1990ዎቹ ዓመታት የዓሣ ተመራማሪዎች ሐይቁን ሲያጠኑ፥ በዓለም ላይ ከጣና በቀር በሌላ ስፍራ የማይገኙ 15 ያህል የአንድ ወገን ዓሦችን ለይተው መዝግበዋል። አንዱ ሌሎች ዓሦችን ይበላል፥ ሌላው ቅጠል፥ ሌላው ቀንድ አውጣ፤ አፋቸውና ራሳቸውም እንደ ምግባቸው የተለያየ ነው። እንግዲህ ሐይቃችን ድንቅ የሌለበት ሐይቅ አይደለም። የሌለውን ድንቅ ስንፈልግ ያለውን ድንቅ ሳናይ መቅረታችን ነው የሚያሳዝነው። ጻድቁ ኢዮብ በምዕራፍ 12 ላይ የባሕር ዓሦች እንኳ የፈጣሪን ሥራ እንደሚያስተምሩ መናገሩን እናስታውስ።

አምስተኛ፤ በሌላ አገር የሆነው ነገር

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። በስኮትላንድ አገር ኔስ የሚባል ጠባብና ረጅም ሐይቅ አለ፤ ጥልቀቱ 230 ሜትር ያህል ነው። በ1933 የአካባቢው ጋዜጣ በሐይቁ ውስጥ ታላቅ አውሬ ታየ ብሎ ጻፈ፤ ወሬውም በጥቂት ወራት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አንድ አዳኝ የአውሬውን ዱካ በሐይቁ ዳር አገኘሁ አለ። የዱካው ቅርጽ ለንደን ወዳለው ቤተ መዘክር ተልኮ ሲመረመር ግን በደረቀ የጉማሬ እግር የታተመ ሆኖ ተገኘ። በ1934 ደግሞ ረጅም አንገት ከውኃ ብቅ ብሎ የሚያሳይ ፎቶግራፍ በጋዜጣ ታተመ፤ ሥዕሉን አነሣ የተባለውም የተከበረ ሐኪም ስለ ነበር ብዙ ሰው አመነ። ከ60 ዓመት በኋላ በ1994፥ ሥዕሉ በሕፃናት መጫወቻ መርከብ ላይ የተተከለ የተሠራ ራስ እንደ ነበር ከሠሪዎቹ አንዱ መናዘዙ ተገለጠ።

ከዚያ በኋላም ምርመራው አልቀረም። በ1987 ብዙ ጀልባዎች ተሰልፈው በድምፅ መለኪያ መሣሪያ ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር ፈተሹት። በ2018 ደግሞ ከኒውዚላንድ የመጡ ሊቃውንት ከሐይቁ ልዩ ልዩ ስፍራ 250 ያህል የውኃ ናሙና ቀዱ። በውኃ የሚኖር ፍጥረት ሁሉ ከቆዳውና ከእዳሪው ጥቂት የዘር ምልክት ይተዋል፤ ይህም ዲ ኤን ኤ የሚባለው ነው። ምርመራው በ2019 ሲገለጥ የእባብና የአዞ ወገን የሆነ ፍጥረት ምልክት አልተገኘም፤ እንደ እባብ የረዘመው የጉዝጓዝ ዓሣ ምልክት ግን በብዛት ተገኝቷል።

ስለዚህም አገር የቈየ መንፈሳዊ ታሪክ አለ። ኮሎምባ የተባለው መነኵሴ በስድስተኛው መቶ ዘመን በኔስ ወንዝ አንድ አውሬ በመስቀል ምልክት እንዳባረረ፥ ከእርሱ በኋላ መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ የተነሣው አዶምናን ጽፏል። ዛሬ አንዳንዶች ይህን ለአውሬው መኖር ማስረጃ ያደርጉታል። ዳሩ ግን ጸሓፊው የጻፈው የመስቀሉን ኃይል ለመመስከር ነው፤ የተናገረውም ስለ ወንዙ ነው እንጂ ስለ ሐይቁ አይደለም። የቅዱሳንን ታሪክ ለማይናገረው ነገር ምስክር ማድረግ ቅዱሱንም ማቃለል ነው።

ስድስተኛ፤ «ያልታወቀ ሁሉ የለም» አይባልም

እዚህ ላይ የሚሥቀው ወጣትም ሊመከር ይገባዋል። ሰው የፍጥረትን ሁሉ ዳርቻ አልደረሰበትም። በ1938 በደቡብ አፍሪቃ ባሕር ዳር ዓሣ አጥማጆች ያወጡት ሲላካንት የተባለ ዓሣ፥ ሊቃውንት ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ጠፍቷል ይሉት የነበረ ነው። በአገራችንም በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚኖረው የደጋ አጋዘን በሳይንስ መጽሐፍ የተመዘገበው በ1910 ነው፤ የአገሩ ሰው ግን ከአባቶቹ ጀምሮ ያውቀው ነበር። እንግዲህ የባላገርን ቃል በመናቅ «ካልተጻፈ የለም» ማለት ትዕቢት ነው።

ነገር ግን ልዩነቱን እናስተውል። ሲላካንት የታወቀው በወሬ ሳይሆን ዓሣው ራሱ ስለ ተገኘ ነው። አጋዘኑም የታወቀው ቆዳውና ቀንዱ ለምርመራ ስለ ቀረበ ነው። የሐይቅ አውሬ ግን ይህን ያህል ዘመን ሲነገርለት አንድ አጥንት፥ አንድ ጥርስ አላቀረበም። ስለዚህ የቅን ፈራጅ ፍርድ ይህ ነው፦ «እግዚአብሔር መፍጠር አይሳነውም፤ ነገር ግን በሐይቃችን እንዲህ ያለ ፍጥረት ስለ መኖሩ የቀረበ ማስረጃ የለም፤ የሐይቁ ሁኔታም አለመኖሩን ያሳያል»። እግዚአብሔር ይችላል ማለት እግዚአብሔር አድርጓል ማለት አይደለምና።

ሰባተኛ፤ ሰውን የሚገድለው ነገር ምንድን ነው?

የክርክሩ ፍሬ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በእንጅባራ አጠገብ የሚገኘውን ዘንገናን የመሳሰሉ ሐይቆች እሳተ ገሞራ ባፈነዳው ጕድጓድ ውስጥ የተኙ ናቸው። ዘንገና 160 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። እንዲህ ያለው ሐይቅ ዳሩ እንደ ወንዝ ዳር ቀስ በቀስ አይጠልቅም፤ ጥቂት እርምጃ ከሄዱ በኋላ መሬቱ በድንገት ይታጣል። ውኃው የደጋ ውኃ ስለ ሆነ ይቀዘቅዛል፤ ቅዝቃዜውም ትንፋሽ ይቈርጣል፥ እግርንም ያኮማትራል። ዋና የማያውቅ ልጅ በዚህ ጊዜ «አንድ ነገር እግሬን ያዘኝ» ብሎ ቢጮህ እውነቱን ነው፤ የያዘው ግን የራሱ ጅማት ወይም የውኃ ሣር ነው። ሊያድነው የዘለለው ወንድሙም ተያይዞ ይሰጥማል፤ «አውሬው ሁለቱን ወሰደ» ይባላል። ጥልቀቱ ባነሰና በሞቀ ውኃ ውስጥ የሰጠመ አስከሬን ከጥቂት ቀን በኋላ ይንሳፈፋል፤ በጥልቅና በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ግን ብዙ ይቈያል፥ አንዳንድ ጊዜም ፈጽሞ አይወጣም። ከዚህ የተነሣ «በላው» የሚለው ወሬ ይጸናል።

ሐይቅ ያለ አውሬ ሰውን ሊገድል እንደሚችል የሚያስረዳ ታላቅ ምሳሌ በካሜሩን አገር ሆኗል። በነሐሴ 1986 በአንድ ሌሊት፥ ኒዮስ ከሚባለው የእሳተ ገሞራ ሐይቅ በጥልቁ የተከማቸ መርዘኛ አየር ወጥቶ ከ1,700 በላይ ሰዎችንና ብዙ ከብት ገደለ። በዚያ ስፍራ ሰዎች ስለ መናፍስት ብቻ ተነጋግረው ቢቀሩ ኖሮ አደጋው እንደ ገና በተዘጋጀ ነበር። ሊቃውንት መርምረው ምክንያቱን ስላገኙ ግን ከ2001 ጀምሮ አየሩን በቧንቧ ቀስ በቀስ እያወጡ ሕዝቡን ከስጋት አሳርፈዋል። በጣና ዳርም እንዲሁ፥ በዓይን የማይታየው ቢልሃርዝያ የተባለው ትል ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል እየገባ የሚያሳምመው ሰው፥ አውሬ ገደለው ከሚባለው እጅግ ይበልጣል። ታላቁን አውሬ የፈራ ሕዝብ ትንሹን ትል ሳይፈራ ኖሯል።

ስምንተኛ፤ ውኃን ስለ ማምለክ

በ1770 ግሽ ዓባይን ያየው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ፥ በዚያ ዘመን ለምንጩ ጊደር ይሠዋ እንደ ነበር ጽፏል። ዛሬ በዚያው ስፍራ ምእመናን በአቡነ ዘርዐ ብሩክ ስም ጠበል ይጠመቃሉ። ውኃው ያው ነው፤ የተለወጠው በውኃው ላይ የሚጠራው ስም ነው። ይህን የመሰለ ጸጋ ከተቀበልን በኋላ ዶሮ ወይም በግ ይዞ ወደ ሐይቅ ዳር መሄድ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ጌታችን በዮርዳኖስ ሲጠመቅ ውኃውን ቀድሷል፤ መዝሙረ ዳዊት በ73 ላይ ስለ ተቀጠቀጠው የዘንዶ ራስ የሚናገረውንም አባቶቻችን ለዚሁ ምሥጢር ተርጕመውታል። በጥምቀት የዘንዶው ራስ ተቀጥቅጧል ብሎ የሚዘምር ሕዝብ፥ በማግሥቱ ለዘንዶ ግብር ሊያገባ አይገባውም። አውሬው ቢኖርም ባይኖርም ይህ ፍርድ አይለወጥም።

በአንጻሩም ጸሎትን ዋና ከመማር ፈንታ ማድረግ እግዚአብሔርን መፈታተን ነው። ጌታ ራሱን ከቤተ መቅደስ ጫፍ እንዲወረውር በተጠየቀ ጊዜ የመለሰውን መልስ እናውቃለን።

ለካህናት የሚሆን ምክር

ከዚህ በላይ ከተነገረው የተነሣ በየደብሩ ያለ ካህን አራት ነገሮችን ቢያደርግ መልካም ነው።

የመጀመሪያው፥ ስለ ሐይቅ አውሬ ሲጠየቅ ሳይቈጣና ሳይሥቅ፥ «ማን አየ? እንዴት አየ?» ብሎ በትዕግሥት ይመርምር፤ ያላወቀውንም በእግዚአብሔር ስም አይማል።

ሁለተኛው፥ በውኃ ልጅ በሞተበት ቤት ሲገባ የአውሬ ወሬ እንዳይነሣ፥ ጎረቤትም በቡዳነት ወይም በምቀኝነት እንዳይታማ ይከልክል። ለእናቲቱ የሚገባት መጽናናት የሟቹ ነፍስ በአምላክ እጅ እንጂ በአውሬ ወይም በጋኔን እጅ አለመሆኗን ማወቅ ነው።

ሦስተኛው፥ በጥምቀት በዓልና በጠበል ስፍራ ወጣቶች ወደ ጥልቅ ውኃ እንዳይዘሉ አስቀድሞ ያስጠንቅቅ፤ ገመድና ረጅም እንጨት በአጠገብ ይዘጋጅ። የሚሰጥም ሰው ቢኖር ተከትሎ ከመዝለል ይልቅ ገመድ መወርወር፥ እንጨት ማቀበል፥ ሌላ ነገር ከጠፋም ጋቢ ጠምዝዞ መስጠት እንደሚሻል ያስተምር። ጉማሬ ባለበትም በምሽትና በማለዳ በእርሱና በውኃው መካከል መቆም አደገኛ መሆኑን ይንገር።

አራተኛው፥ የትምህርት ቤቱን ወጣት እንደ ጠላት አይመልከተው። ወጣቱ የመንደሩን ወሬ ቢጥል ሃይማኖቱን የጣለ አይደለም፤ ሃይማኖቱን የሚጥለው ወሬውና ወንጌሉ አንድ ናቸው ብለን ያስተማርነው እንደ ሆነ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያይቱ መልእክት በምዕራፍ 4 ከባልቴቶች ተረት እንዲርቅ ያዘዘው ለዚህ ነው።

እግዚአብሔር አምላካችን በባሕርና በየብስ የፈጠረውን ሁሉ በማስተዋል እንድናይ፥ ሐሰቱን ትተን እውነቱን እንድንይዝ፥ ከእርሱም በቀር ሌላ እንዳንፈራ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።